ለሁለተኛው ዙር ፕሮሰሰር መቀየር፦ እኔ የሠራኋቸው፣ እናንተ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ፕሮሰሰር ያለበት ቺፕ የተሸከሙ 11 የኤሌክትሮኒክስ ቦርዶች ከነፕላስቲካቸው ተቀምጠዋል። አልተበላሹም። እንዲያውም ዛሬ ጣና ዳር ከሚሠሩት ታላላቆቻቸው ይልቅ አዲስ ናቸው። ጥፋቱ የእነሱ ሳይሆን የእኔ ነው፤ "ሁለተኛው ዙር ላይ ፕሮሰሰሩን ከፍ እናድርገው" ብዬ ያስወሰንኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ባሕር ዳር ላይ ዓሣ ለሚረከቡ ሰዎች በእጅ የሚያዝ መመዝገቢያ እንሠራለን። ዓሣው ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ተረካቢው ቆሮሶ፣ አምባዛ ወይም ነጭ ዓሣ የሚለውን ቁልፍ ይጫናል፤ መሣሪያው ኪሎውን ሜሞሪ ካርድ ላይ ይጽፍና በብሉቱዝ ወደ ትንሿ ፕሪንተር ልኮ ደረሰኝ ያወጣል፤ በመጨረሻም በአማርኛ "ተመዝግቧል" ይላል። ድምፁን የጨመርነው እጁ ዓሣ የያዘ፣ ዓይኑ ሚዛን ላይ ያለ ሰው ስክሪን እንዲያይ ላለማስገደድ ነው። በመጀመሪያው ዙር 12 ሠራን። ውስጡ ያለው ኢኤስፒ32 የሚባለው ቺፕ ነው፤ ባለ ሁለት ኮር (ሁለት የማስላት ክፍል)፣ 240 ሜጋኸርዝ፣ 520 ኪሎባይት ሜሞሪ። ለሁለተኛው ዙር 20 ቦርድ ስናዝ ግን "ከተገዛ አይቀር" ብለን ወደ ታናሽ ወንድሙ ወደ ኢኤስፒ32 ኤስ3፣ በአጭሩ ኤስ3፣ ዞርን።

ምኑ እንደዘገየ ሳያውቁ ፕሮሰሰሩን መክሰስ

ቅሬታው የመጣው ከአንዲት ሒሳብ ያዥ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ታንኳዎቹ ሲደርሱ ሐይቁ ዳር ወረፋ ይሆናል።

"የኔ ልጅ፣ ይሄ ዕቃህ ጥሩ ነው፤ ግን ያስባል" አሉኝ።

"ምን ያስባል እትዬ?"

"እኔ ምን አውቄ! ስጫነው ቆም ብሎ ያስባል። እሱ ሲያስብ ዓሣ አስጋሪው እኔ ላይ ይጮኻል።"

እኔም እዚያው ቆሜ ፈረድኩ፤ ፕሮሰሰሩ ደካማ ነው። ቦርዶቹን ያዘዝነው በዚያው ሳምንት ነበር። ስልኬን ይዤ ጎናቸው ተቀምጬ ሰከንድ መቁጠር የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉን እዩልኝ።

ቁልፉ ከተጫነ እስከ ደረሰኙ 6 ሰከንድ ያህል ነበር። ከዚያ ውስጥ 2ቱ የሚዛኑ ናቸው። የሚዛኑን ምልክት ወደ ቁጥር የሚቀይረው ኤችኤክስ711 የሚባል ትንሽ ቺፕ ነው፤ በተለመደው አገጣጠም በሰከንድ 10 ጊዜ ብቻ ይለካል። እኔ ደግሞ ዓሣ ስለሚፈራገጥ የ20 ልኬት አማካይ እንዲወስድ አድርጌ ነበር። 20 ለ10 ሲካፈል 2 ሰከንድ። ጨረቃ የሚያደርስ ፕሮሰሰር ብታስገቡበት እንኳ ያ 2 ሰከንድ ያው 2 ሰከንድ ነው። መፍትሔው ያለው እዚያው ሚዛን ቺፕ ላይ ነው፤ ርካሹ ቦርድ ላይ ከመሬት (ከኔጌቲቩ) ጋር ተያይዞ የሚመጣውን አንዱን የቺፑን እግር (መገናኛ) አላቆ ወደ ፖዘቲቭ ማገናኘት። ያኔ በሰከንድ 80 ጊዜ ይለካል። ቁጥሩ ትንሽ ይበልጥ ይዋልላል፤ ቢሆንም 40 ልኬት ወስዶ አማካይ ለማውጣት ግማሽ ሰከንድ ይበቃል።

3ቱ ሰከንድ ደግሞ የእኔ ስንፍና ነበር። መሣሪያው ደረሰኙ ላይ የወሩን ድምር ስለሚጽፍ፣ በእያንዳንዱ ጭነት የወሩን ፋይል ከመጀመሪያው መስመር አንስቶ ያነብ ነበር። ወር በገባ በ1ኛው ቀን ፈጣን፣ በ30ኛው ቀን ኤሊ። ይህን ምልክት ልብ በሉ፦ መሣሪያ ቀን በጨመረ ቁጥር የሚዘገይ ከሆነ ፕሮሰሰሩ አይደለም የታመመው። ድምሩን ለብቻው አስቀምጦ የዛሬውን ብቻ እንዲጨምርበት ማድረግ የአንድ ማታ ሥራ ሆነ።

"አዲስ ነው እንዴ ያመጣህልኝ?" አሉኝ ሒሳብ ያዧ በሳምንቱ። ያው የድሮው ነበር። 20ዎቹ ቦርዶች ያኔ መንገድ ላይ ናቸው።

የቤተሰብ ስም ማመን

ኢኤስፒ32 እና ኢኤስፒ32 ኤስ3 ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ ስማቸው የሚመሳሰል፣ ፕሮግራማቸውም በአንድ ዓይነት ሶፍትዌር የሚጻፍ ናቸው። ኤስ3 አዲስ ኮር አለው፣ ብዙ እግር አለው፣ ዩኤስቢ በቀጥታ ይቀበላል፣ ምስልና ድምፅ ለመለየት የሚረዱ ትእዛዞች ተጨምረውለታል። ፍጥነቱን የሚወስነው ሰዓቱ ግን ያው 240 ሜጋኸርዝ ነው።

ቦርዶቹ የደረሱ ዕለት ማታ አንዱን ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቼ የድሮውን ኮድ ሰጠሁት። አልቀበልም አለ። ቀይ ጽሑፍ ወጣ፤ የምትጠቀምበት ብሉቱዝ በዚህ ቺፕ ላይ የለም የሚል። ኤስ3 ብሉቱዝ አለው፤ ያለው ግን ጥቂት ኃይል የሚበላው አዲሱ ዓይነት ብቻ ነው። የእኛ ፕሪንተሮች፣ እነዚያ 58 ሚሊሜትር ወረቀት የሚበሉት ርካሾቹ፣ የሚሰሙት የድሮውን ክላሲክ ብሉቱዝ ነው። ሁለቱም ብሉቱዝ ይባላሉ እንጂ አይግባቡም።

ይህ ሳያንስ ድምፁም ጠፋ። የመጀመሪያው ቺፕ ቁጥርን ወደ ድምፅ ሞገድ የሚቀይሩ ሁለት እግሮች ነበሩት፤ "ተመዝግቧል" የሚለው ቃል የሚወጣው ከአንዱ ነው። ኤስ3 ላይ እነዚያ የሉም። ለድምፁ ተጨማሪ ቺፕ፣ ለደረሰኙ ሌላ ፕሪንተር መግዛት ሊኖርብን ሆነ። "አሻሻልነው" ያልነው መሣሪያ መናገርም ማተምም ተሳነው።

መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነው። የአዲሱን ቺፕ ሙያ ከመቁጠር በፊት አሮጌው መሣሪያ ዛሬ የሚሠራውን ሁሉ በወረቀት መጻፍ፤ ከእያንዳንዱ ጎን ሥራው በየትኛው የቺፑ ክፍል እንደሚሠራ ማስፈር፤ ያንን ይዞ የአዲሱን የመረጃ ሰነድ መክፈት። ደግሞም አንድ ገዝቶ መሞከር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ እኔ 20 አፍስሼ እስካሁን 11 እየለቀምኩ ነው። 9ኙን ደረሰኝ የማይታተምባቸው፣ ጸጥታም የማያስቸግርባቸው ማቀዝቀዣ ክፍሎች ወሰዷቸው።

ቀድሞ የከፈለውን ሰው መርሳት

በዚህ ላይ ከእኛ የበለጠ የሚያስተምረው የፓንዶራ ታሪክ ነው። ፓንዶራ ክፍት ሶፍትዌር የሚወዱ ሰዎች የሠሩት፣ ኪቦርድ ያለው፣ ኪስ የሚገባ ኮምፒውተር ነው። ትእዛዝ መቀበል የጀመረው በ2008 እ.ኤ.አ. ሲሆን የመጀመሪያው ዙር 4,000 ነበር። ለገዢ መድረስ የጀመረው ግን በ2010 ነው። ውስጡ 600 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰርና 256 ሜጋባይት ሜሞሪ ነበር። ገንዘቡን ከፍሎ እስኪደርሰው ዓመት ከምናምን የጠበቀ ሰው እንዳለ አስቡት። ቆይቶ ሜሞሪው ወደ 512 አደገ፤ ከዚያም 1 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር ያለው ወጣ።

የመጀመሪያው ገዢ ቅር ቢለው አልፈርድበትም። ግን አንድ ነገር በትክክል ተሠርቷል፦ አዲሱ ፕሮሰሰር የአሮጌው የቅርብ ዘመድ ስለነበር፣ ኮሩም አንድ ዓይነት ስለነበር፣ ያው ፕሮግራም ሁለቱም ላይ ይሠራል። አንዱ ይፈጥናል፣ ሌላው ይዘገያል፤ በሩ የተዘጋበት የለም።

ጌም አምራቹ ኒንቴንዶ 3ዲኤስ ከሚባለው የእጅ ጌም መጫወቻው በኋላ ያወጣው "አዲሱ 3ዲኤስ" ሌላ መንገድ ሄደ። ሰዓቱ ከ268 ወደ 804 ሜጋኸርዝ ዘለለ፣ ኮሩም ከሁለት ወደ አራት። ከዚያ አዲሱ ላይ ብቻ የሚጫወቱ ጌሞች መጡ። ስሙ ያው፣ መልኩ ያው፤ የአሮጌው ባለቤት ግን ካሴቱን ገዝቶ አልጫወትለት ሊል ይችላል። ሶኒ በ2007 እ.ኤ.አ. ፒኤስፒ የሚባለውን የእጅ ጌም መጫወቻውን ሜሞሪ ከ32 ወደ 64 ሜጋባይት ሲያሳድግ የበለጠ ጨዋ ነበር፤ ጭማሪው ከዲስኩ የሚነበበውን ቀድሞ ይዞ ጥበቃውን እንዲያሳጥር ነው የዋለው።

ለእኔ መለኪያው ይሄ ነው፦ አዲሱን ቺፕ አስገቡ፤ ግን አሮጌው የማይከፍተው ነገር በላዩ አትጻፉ። ይህን ቃል መጠበቅ ካልቻላችሁ እያሻሻላችሁ አይደለም፤ ሌላ መሣሪያ እየሠራችሁ ነውና ሌላ ስም ስጡት።

ውስጡን ቀይሮ ቀፎውን እንዳለ መተው

ራስበሪ ፓይ 2 የሚባለው ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ከጊዜ በኋላ ፕሮሰሰሩ ሲቀየር ስሙ ራስበሪ ፓይ 2 እንደሆነ ቀረ። የሚለየው ቦርዱ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው የስሪት ቁጥር ነው። ትልቅ ድርጅት ብዙ ሰነድ አለውና ይወጣዋል። እኛ ግን ሦስት ነን።

አንዱ ጓደኛችን አዲስ ሶፍትዌር ሊጭን ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ ጀልባ ተሳፍሮ ዘጌ ሄደ። መሣሪያው ሶፍትዌሩን እምቢ አለ። ኬብል ቀየረ፣ እንደገና እምቢ። ሌላ ኬብል ከአንድ ሱቅ ለመነ። ሦስት ሰዓት ያህል ከኬብል ጋር ሲታገል ቆይቶ ደወለልኝ። የያዘው ሶፍትዌር የአሮጌው ነው፤ በእጁ ያለው መሣሪያ አዲሱ። ቀፎው አንድ፣ ቀለሙ አንድ፣ ተለጣፊው አንድ። ማን ይለየዋል?

አሁን የሁለተኛው ዙር ጀርባ ላይ ትልቅ "2" በቀይ ተቀብቷል። በጥፍር ቀለም ነው የቀባነው፤ ውሃም የዓሣ ዘይትም አላስለቀቀውም። ሲበራ ስክሪኑ ላይም ዙሩ ይጻፋል።

ፍጥነትን እንጂ ባትሪን አለማየት

በ2019 እ.ኤ.አ. ኒንቴንዶ ስዊች የሚባለውን ጌም መጫወቻውን ቺፕ በደቃቅ ስሪት ሲተካው ጌሞቹን አላፈጠነም። ትርፉን በሙሉ ለባትሪው ሰጠው፤ ከ2.5 እስከ 6.5 ሰዓት ይባል የነበረው ከ4.5 እስከ 9 ሆነ። የኋለኛ ዙር ማሻሻያ እንዲህ ሲሆን ደስ ይለኛል፤ የአሮጌው ባለቤት ምንም አልጎደለበትም።

እኛ ደግሞ ቺፕ ሳንቀይር ተመሳሳዩን አገኘን። የኢኤስፒ32 ሰነድ እንደሚለው ዋይፋዩና ብሉቱዙ ጠፍተው 240 ሜጋኸርዝ ላይ ሲሮጥ ከ30 እስከ 68 ሚሊአምፔር ይወስዳል፤ 80 ላይ ከ20 እስከ 31። ብሉቱዙ ከ80 በታች አይሠራም እንጂ 80 ይበቃዋል። ቁልፍ እስኪጫን ሥራ ፈትቶ ለሚቆም መሣሪያ 240 ለምን? ወደ 80 አወረድነው። የስክሪኑ መብራት ከ15 ሰከንድ በኋላ እንዲደበዝዝ አደረግን። መብራት ጠፍቶ ሲያድር ጠዋት መሣሪያው ሳይሞላ ይመጣል፤ ያ ጠዋት ላይ የሚጮኽ ሰው ቀነሰ። ፕሮሰሰር ከፍ እናድርግ ብለን ተነስተን ዝቅ አድርገን አረፍነው።

በመጀመሪያው ዙር ዋጋ ማስላት

ይህን በአጭሩ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ፣ ባለፈው ዙር የተገዛው ቦርድ ዋጋ ለዚህኛው ዙር ምንም አይነግርም። የአዲሱን ቺፕ ዋጋ ከአሮጌው *የዛሬ* ዋጋ ጋር አስተያዩ። መለዋወጫውንም ጨምሩ፤ ሁለት ዓይነት መሣሪያ ካላችሁ ሁለት ዓይነት መለዋወጫ መደርደር ነው።

በጭራሽ አልቀይርም ማለት

ከዚህ ሁሉ በኋላ "ቺፕ አይነካም" ብሎ መማል ያምራል። እኔም ለጥቂት ወራት ምዬ ነበር። የሚያስቀይር ምክንያት ግን አለ፦ አምራቹ ቺፑን ለአዲስ ሥራ አትጠቀሙበት ሲል፣ ሜሞሪው በእውነት ሲሞላ፣ ወይም ክፍሉ ገበያ ላይ ሲጠፋ። ያኔም ቢሆን በአንድ ዙር አንድ ነገር ብቻ። አንድ ጊዜ ቺፑንም ስክሪኑንም የባትሪ ማስገቢያውንም የቀየረ ሰው፣ መሣሪያው ሲቆምበት ማንን ይጠርጥር?

ለሦስተኛው ዙር ያዘዝነው ያንኑ የድሮውን ኢኤስፒ32 ነው። ሚዛኑ በሰከንድ 80 ይለካል፣ ቀፎው ላይ ቀይ "3" አለበት። መሳቢያ ውስጥ ላሉት 11 ቦርዶች ደግሞ አዲሱን ብሉቱዝ የሚሰማ አንድ ፕሪንተር አስመጥተናል። አንድ ብቻ።