አገሮች ተቀራረቡ ከማለታችሁ በፊት

ድሆቹ አገሮች ሀብታሞቹ ላይ እየደረሱ ነው ወይስ እየራቋቸው? መመረቂያ ጽሑፋቸውን የማማክራቸው ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ይወዱታል፤ እኔም እወደዋለሁ። ለዚህም ነው ያው ስህተት ተመልሶ ሲመጣ የሚያንገበግበኝ።

ስህተቱ አገሮችን ዛሬ ባላቸው ሀብት መምረጥ ነው። ተማሪው የበለጸጉትን አገሮች ስም ዝርዝር ይይዝና መቶ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ከመካከላቸው ያኔ ድሃ የነበረው በፍጥነት አድጓል፤ ስለዚህ ተቀራርበዋል ይላል። እንዴት አይቀራረቡ? የተመረጡት እኮ ስለደረሱ ነው! ሩጫው የሚያበቃበት ቦታ ቆሞ የገቡትን እየቆጠሩ፣ ያቋረጠ የለም ማለት ነው።

ትልልቆቹም ተሳስተውበታል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ዊሊያም ባውሞል እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት ከ1870 እስከ 1979 የነበረውን የ16 አገሮች ምርታማነት አነጻጽረው ጠንካራ መቀራረብ አገኙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ብራድፎርድ ደሎንግ ሌላ ነገር ጠየቁ፦ በ1870 የቆመ ሰው ይበለጽጋሉ ብሎ ሊገምት የሚችለው የትኞቹን ነበር? ጃፓንን አወጡ፤ አርጀንቲናን፣ ቺሊን፣ ምሥራቅ ጀርመንን፣ አየርላንድን፣ ኒውዚላንድን፣ ፖርቱጋልንና ስፔንን አስገቡ። መቀራረቡ በአብዛኛው ጠፋ።

እኔም በመጀመሪያ ጥናቴ ደቡብ ኮሪያን፣ ታይዋንንና ሲንጋፖርን ከጃፓን ጋር አሰልፌ እስያ ደረሰች ብዬ ጽፌ ነበር። አማካሪዬ «እ.ኤ.አ. በ1960 ፊሊፒንስ ከደቡብ ኮሪያ የተሻለ ገቢ ነበራት፤ ለምን ተውካት?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። አገሮቻችሁን በመነሻው ዓመት በነበሩበት ሁኔታ ምረጡ።

በገበያ ምንዛሪ አታነጻጽሩ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በዶላር የተሰላው ገቢያችን አሽቆለቆለ፤ ማሳ ላይ ያለው ቡቃያ ግን አልቀነሰም። በመግዛት አቅም የተስተካከለውን ገቢ፣ ማለትም ገንዘቡ በየአገሩ ዋጋ ምን ያህል ዕቃ እንደሚገዛ ታስቦ የተሰላውን፣ ተጠቀሙ።

የነፍስ ወከፍ ገቢን ምርታማነት ብላችሁ አትጥሩ። ፈረንሳይ በነፍስ ወከፍ ገቢ ከአሜሪካ በእጅጉ ታንሳለች፤ በአንድ የሥራ ሰዓት በሚመረተው ሲለካ ግን ልዩነቱ በጣም ይጠባል፤ ፈረንሳውያን በዓመት የሚሠሩት ሰዓት ያነሰ ነውና።

የአየርላንድን ቁጥር እንዳለ አትውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2015 ጥቅል የአገር ውስጥ ምርቷ 25 በመቶ ገደማ ያደገው ግዙፍ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች የፈጠራ መብቶቻቸውን የመሰለ ሀብት በመዝገብ ወደዚያ ስላዛወሩ እንጂ ሠራተኛው በአንድ ዓመት ያን ያህል ስለበረታ አይደለም።

ፈጥኖ ማደግና ልዩነትን ማጥበብም አንድ አይደሉም። 1,000 ዶላር ገቢ በ7 በመቶ ሲያድግ 70 ዶላር ይጨምራል፤ 50,000 ዶላር በ2 በመቶ ሲያድግ 1,000። ጥምርታው ጠበበ፣ የዶላር ልዩነቱ ግን በ930 ሰፋ። የትኛውን እንደምትለኩ በመጀመሪያው ገጽ ጻፉ።

በመጨረሻ፣ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንቱ የሮበርት ባሮና የሃቪየር ሳላ ኢ ማርቲን ሁለት በመቶ። በዓመት ሁለት በመቶ የሚሆነው ክፍተት ከተዘጋ ግማሹ በ35 ዓመት ገደማ ይዘጋል የሚለውን ስሌት ተማሪዎች ለአገራቸው የተሰጠ ቀጠሮ አድርገው ያነቡታል። ስሌቱ የሚናገረው አንድ አገር በቁጠባው፣ በትምህርቱና በተቋማቱ ወደሚወሰነው ወደ ራሱ የገቢ ደረጃ ስለሚሄድበት ፍጥነት ነው። ሁለት አገሮች እያንዳንዳቸው ወደየራሳቸው ደረጃ ደርሰው እንኳ እጅግ ተራርቀው ሊኖሩ ይችላሉ።