ልጃችሁን ከማስመዝገባችሁ በፊት ሰዓቱን ቁጠሩ

ድሬዳዋ ላይ ልጅን ስፖርት ማስመዝገብ ቀላል ነው። ከባዱ ሰዓቱ ነው። ከቀኑ 6 እስከ 9 ፀሐይዋ ሜዳ ላይ ሰው አታስቆምም፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ ይጨልማል። ስለዚህ ኳሱም ቴኳንዶውም ሩጫውም ከ10 ሰዓት በኋላ ባለችው ጠባብ ጊዜ ላይ ይደራረባል፣ ያቺው ጊዜ ደግሞ የቤት ሥራ፣ የቁርአን ትምህርት፣ የሱቅ መልእክትና የሰፈር ጨዋታ ጊዜ ናት። ልጁን ስታስመዘግቡት ከእነዚህ የቱን እንደምትቀንሱ ካልወሰናችሁ ሳምንቱ ራሱ ይወስንላችኋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀነሰው እንቅልፍ ነው።

መጀመሪያ ወረቀት አውጡ። አሰልጣኙ «ልምምዱ 2 ሰዓት ይፈጃል» ይላችኋል፣ አልዋሸም። እናንተ ግን መቁጠር ያለባችሁ ልጁ ማልያ መፈለግ ከጀመረበት ደቂቃ አንስቶ ታጥቦ ራት እስኪቀርብ ድረስ ያለውን ነው። ከሳቢያን ሰፈር ተነስቶ ስታዲየም አካባቢ የሚለማመድ ልጅ ባጃጅ ይጠብቃል፣ ይሄዳል፣ ካለቀ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ይቆማል (ይቁም፣ የመጣበት ግማሹ ምክንያት እሱ ነው)፣ ይመለሳል። 2 ሰዓቱ ከ3 በላይ ሆነ። በሳምንት 3 ቀን ከሆነ 10 ሰዓት ገደማ ሄደ። ታናሽ እህቱን አዝላ የምትጠብቀው እናት ሰዓትም ይቆጠራል። አባት በርጫ ላይ ከሆነ ማምጣቱም ማድረሱም በእሷ ላይ ነውና ያንንም ወረቀቱ ላይ ጻፉት፣ ተጽፎ ሲታይ ወሬው ይቀየራል።

ስንት ሰዓት ነው የሚበዛው? በስፖርት ሕክምና የተለመደች ቀላል መለኪያ አለች፦ በሳምንት የሚደረገው የስልጠና ሰዓት ከልጁ ዕድሜ አይብለጥ። የ9 ዓመት ልጅ ከ9 ሰዓት በላይ አይሰልጥን ማለት ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 1 ቀን፣ በዓመት በጠቅላላው 3 ወር ያህል ከዚያ ስፖርት እረፍት ይውሰድ ይላል፣ አንድ አንድ ወር እያደረገ ከፋፍሎም ቢሆን። እንቅልፍ ለትምህርት ቤት ልጅ ከ9 ሰዓት አይነስ። ማታ 3 ሰዓት ተኩል ተኝቶ ንጋት 11 ሰዓት ለልምምድ የሚነሳ ልጅ አንድ ሰዓት ተኩል ዕዳ አለበት፣ ዕዳውንም ክፍል ውስጥ ነው የሚከፍለው።

3 ወሩን ከየት እናምጣው ብላችሁ አትጨነቁ። የእኛ ዓመት ራሱ እረፍት አለው። ረመዳን አለ፣ የፈተና ሰሞን አለ፣ ዘመድ ጋ የሚኬድበት ክረምት አለ። የሚጾም ልጅ በረመዳን ከሰዓት በኋላ እንዲሮጥ የሚያስገድድ ስልጠና ካለ ያንን ወር ዝም ብላችሁ አስቀሩት።

ከመመዝገባችሁ በፊት አሰልጣኙን ፊት ለፊት ጠይቁት። በፈተና ሳምንት የቀረ ልጅ ይቀጣል ወይ? ውድድር ሲኖር ሁሉም ልጆች ይገባሉ ወይስ ደካሞቹ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይውላሉ? ሐረር ለጨዋታ ስትሄዱ ማን አብሮ ይሄዳል፣ በስንት ሰዓት ትመለሳላችሁ? ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ቅርብ ትመስላለች፣ ግን አንድ ጨዋታ ሙሉ ቅዳሜን ይበላል። ጥያቄው የሚያናድደው አሰልጣኝ ካጋጠማችሁ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

አሁን ወደ ደስታው። ልጁ ይወደዋል ወይስ እናንተ ናችሁ የምትወዱት? ልምምድ በሌለበት ቀን ተመልከቱት። በራሱ ኳስ ይዞ ከወጣ፣ ከግድግዳ ጋር እያጋጨ ከተጫወተ፣ ነገሩ ደህና ነው። በነፃ ቀኑ ኳሷን ዞር ብሎ የማያያት፣ ልምምድ ባለ ቀን ደግሞ ሆዱን የሚያመው ከሆነ ቁጭ ብላችሁ አውሩ። ግን በማግስቱ አታስወጡት። «ይሄ ውድድር እስኪያልቅ ቆይ፣ ከዚያ አንተ ትወስናለህ» በሉት፣ ውድድሩ ሲያልቅም ቃላችሁን ጠብቁ። ልጁ «በቃኝ» ካለ በቃው፣ «እስካሁን የከፈልነውስ» የሚባል ነገር አይነሳ።

ከሜዳ ዳር የሚጮኹ አባቶችን በተመለከተ፦ በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ የአንዱ ምድብ ጨዋታዎች የተካሄዱት እዚሁ ድሬዳዋ ነው፣ ከተማው ኳስ ቢወድ አይገርምም። ይህ ሁሉ ፍቅር ግን አንድ የ8 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ሲጫን ልጁ ኳስ በነካ ቁጥር አባቱን ማየት ይጀምራል። አሰልጣኙ አንድ ነገር፣ አባት ሌላ ነገር ሲጮህበት የቱን ይስማ? አጨብጭቡ፣ ውሃ ያዙለት፣ ሌላውን ለአሰልጣኙ ተዉለት።

ሴት ልጆቻችንን እንርሳ እንዴ? ወንድሟ ልምምድ ሲሄድ እሷ እቃ ታጥባለች። ቤት ውስጥ ያለውን ሥራ ለሁለቱም እኩል ካካፈላችሁት ለሁለቱም ጊዜ ይወጣል፣ የጊዜ እጥረት የሚባለው ነገር ብዙ ቤት ውስጥ የድልድል ችግር ነው። ምሽት ላይ ብቻዋን እንዳትመለስ ከጎረቤት ልጆች ጋር አንድ ኮንትራት ባጃጅ ያዙ። ወላጆች በየተራ ቢያመጧቸው ለሁሉም ይቀላል።

ስልጠና የመንደር ጨዋታን ሙሉ በሙሉ እንዳይበላው ደግሞ ተጠንቀቁ። ያለ አሰልጣኝ፣ ያለ ዳኛ፣ ድንጋይ ጎል አድርገው ሲጣሉና ሲታረቁ የሚማሩት ሌላ ቦታ አይገኝም። ቦታውን ግን ምረጡ። የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ሲታይ ምርጥ ሜዳ ይመስላል። በክረምት ግን ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ከላይ ከደጋው የዘነበው ዝናብ በድንገት ደርሶ ሊወስድ ይችላል፣ የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። በዝናብ ወራት አሸዋው ላይ ጨዋታ የለም፣ ክርክርም የለም።

ታኬታ ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሁለት ወር ባለው ጫማ ይሞክር። ከዚያም ከፍ ካለው የጎረቤት ልጅ የጠበበውን ጠይቁ፣ በዚህ ዕድሜ እግራቸው ከታኬታው ቀድሞ ያድጋል።