አንድ ኮከብ ይዞ ዋንጫ ማንሳት፦ ዳላስ ያስተማረችኝ

ባለፈው ቅዳሜ ልምምድ ጨርሰን ኳሶቹን መኪናዬ ውስጥ ስከት አንድ ወጣት አሰልጣኝ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ዘንድሮ አንድ የሚያስደነግጥ ልጅ አግኝቻለሁ። ችግሩ ሌሎቹ ተራ ናቸው። እንዴት ላድርጋቸው?» አለኝ። ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ውስጥ የሐበሻ ልጆችን ቅርጫት ኳስ ማሠልጠን ከጀመርኩ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ይህን የማይጠይቀኝ ሰው የጠፋበት ዓመት የለም። ቆመው የሚጨርሱት ወሬ ስላልሆነ «እጽፍልሃለሁ» ብዬው ተለያየን። ይኸው።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም፤ በኤንቢኤ፣ በአሜሪካ ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የ2011ዱ ዳላስ ማቭሪክስ አለልን። ያኔ ታክሲ እነዳ ነበር። ጁን 12 ምሽት ማያሚ ላይ ስድስተኛው የፍጻሜ ጨዋታ ሲካሄድ ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ ሆነን በሬዲዮ ነው የተከታተልነው። ተራው የደረሰ ሹፌር ጨዋታው እንዳያመልጠው ብሎ ከኋላው ላለው ተራውን ሲለቅ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። በማያሚ በኩል ሌብሮን ጄምስ፣ ድዌይን ዌድና ክሪስ ቦሽ ነበሩ። በእኛ በኩል ኮከብ የሚባለው ዲርክ ኖቪትስኪ ብቻ ነበር። ፍጻሜውን 4 ጨዋታ ለ 2 ያሸነፈው ባለ አንዱ ነው። ስለዚህ «ሁለተኛ ኮከብ ከየት ላምጣ» የሚለውን ጭንቀት ከራስህ ላይ አውርደው።

መጀመሪያ ወረቀት አውጣ። በአንድ በኩል ልጅህ የሚችለውን፣ በሌላው በኩል የማይችለውን ጻፍ። ቡድንህን የሚመርጥልህ ሁለተኛው ረድፍ ነው። ዲርክ ቁመቱ 2 ሜትር ከ13 ነው፤ በአንድ እግሩ ወደ ኋላ እየወደቀ ሲወረውር እጁ ላይ የሚደርስ ሰው አልነበረም። እግሩ ግን ፈጣን አይደለም፣ ቅርጫቱ ሥር ቆሞ የሰው ኳስ የሚያጨናግፍ ዓይነትም አልነበረም። ዳላስ 11 የውድድር ዓመት በተከታታይ ከ50 ያላነሰ ጨዋታ አሸንፏል። በ2006 ፍጻሜ ላይ 2 ለ 0 ከመራ በኋላ አራቱን በተከታታይ ተሸነፈ። በ2007 ደግሞ 67 ጨዋታ አሸንፎ ሲያበቃ በስምንተኛ ደረጃ በገባው ጎልደን ስቴት በመጀመሪያው ዙር ተሰናበተ። ዲርክ የዓመቱን ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የተቀበለው ቡድኑ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ፊቱን ላየው ሰው ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ነበር የሚመስለው።

ያን ሁሉ ዘመን የጎደለው ነጥብ አስቆጣሪ አልነበረም። በ2010 ክረምት ታይሰን ቻንድለር ከሻርሎት መጣ። ቻንድለር ኳስ ስጡኝ አይልም። ቅርጫቱ ሥር ቆሞ በሩን ይዘጋል፣ ሪባውንድ፣ ማለትም ስቶ የተመለሰ ኳስ፣ ይለቅማል፣ የሚከላከሉት ጓደኞቹ ላይ ይጮኻል። ዲርክ የማይችላት ነገር በሙሉ አንድ ሰው ላይ ተገኘች። ሾን ማሪዮን የተቃራኒውን አስፈሪ ሰው ይይዛል፦ ኮቢን፣ ዱራንትን፣ ሌብሮንን። ጄሰን ኪድ 38 ዓመቱ ነበር፤ መሮጡ ቀርቷል፣ ነገር ግን ኳሱን መቼና የት እንደሚያደርስ ያውቃል፣ በወጣትነቱ ያልነበረውን የሦስት ነጥብ ውርወራም በስተርጅና ተምሮታል። እነዚህን ሰዎች ለየብቻ ብታያቸው «ተራ» ትላቸው ይሆናል። ያቺን ቃል ከአፍህ አውጣት፤ ልጆቹ ይሰሙሃል።

የእኔን ጥፋት ልንገርህ። ከሦስት ዓመት በፊት ረጅም፣ ወርዋሪ፣ ጨዋታ የሚገለብጥ ልጅ ነበረኝ። አልበቃ ብሎኝ ከሌላ ሰፈር አንድ ሌላ አስቆጣሪ አመጣሁ። ሁለቱም ኳስ የሚወዱት ሜዳው ላይ እዚያው ቦታ ላይ ነው፤ ከፍሪስሮው (ከቅጣት ውርወራው) መስመር በስተቀኝ። አንዱ ሲቆም ሌላው መጥቶ አጠገቡ ይቆማል፤ ተከላካዩ አንድ ሰው አቁሞ ሁለቱን ይጠብቃል። ወቅቱ ሳያልቅ አንደኛው ልጅ ወጣ፤ ወጥቶ የሄደውም መጀመሪያ የነበረው ነው። ያኔ የሚያስፈልገኝ ያ ወፈር ያለው፣ ሹት ማድረግ የሚፈራው፣ ግን ሰው እየገፋ ሪባውንድ የሚያወርደው ልጅ ነበር። ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀምጬው ነበር።

ሁለተኛው ሥራ ቆሞ የማየት በሽታን ማዳን ነው። አንድ ድንቅ ልጅ ያለው ቡድን ውስጥ ሌሎቹ አራቱ ቲኬት ሳይከፍሉ የገቡ ተመልካቾች ይሆናሉ። ኳስ ሲደርሳቸው እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። እኔ የማሠራው እንዲህ ነው። ኮከቡ ልጅ ፍሪስሮው መስመር ጫፍ ላይ ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ ይቁም። ዲርክም ኳስ መቀበል የሚወደው እዚያ አካባቢ ነበር፤ ከዚያ ሆኖ ሁሉን ያያል፣ ሊከበብ ሲልም ከየት እንደሚመጣበት ያውቃል። ሁለት ልጆች በሁለቱ ማዕዘን፣ አንዱ ከላይ፣ ሦስቱም ከሦስት ነጥብ መስመሩ ውጪ። የቀረው፣ የአንተ ቻንድለር፣ ቅርጫቱ አጠገብ። ዘጠኝ ልጅ ብቻ ስላለኝ ተከላካዮቹ አራት ናቸው፤ ለጀማሪ ይበቃል። ከአራቱ አንዱ በፈለገበት ሰዓት ሮጦ ይሄድና ልጁን ለሁለት ይይዙታል። አንተ ጮክ ብለህ ትቆጥራለህ፦ አንድ፣ ሁለት። ሦስት ስትል ኳሱ አሁንም እጁ ላይ ካለ ለተከላካዮቹ ተሰጠ። የተቀበለው ልጅ ማንጠር አይፈቀድለትም፤ ወይ ይወረውራል ወይ የተሻለ ቦታ ላለው ያቀብላል። ሃያ ጊዜ ይደገም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሃያው ስድስቷ ብቻ ነበረች የተሳካችልን። በአምስተኛው ሳምንት ከግማሽ በላይ ደረስን፤ እጆችም ከጉልበት ላይ ተነሡ።

ኮከቡ መጀመሪያ ያኮርፋል። «ኮች፣ እኔ እኮ ሁለት ሰው ላይ ማግባት እችላለሁ» ይልሃል፤ እውነቱን ነው፣ ይችላል። አትከራከረው። የ2011ዱን ሁለተኛ ጨዋታ አስቀምጠህ አሳየው። ሰባት ደቂቃ ገደማ ሲቀር ማያሚ 88 ለ 73 ይመራ ነበር። ዌድ ከዳላስ ተጠባባቂዎች ፊት ሦስት ነጥብ አግብቶ ይጨፍራል። ከዚያ በኋላ ያለውን ልጁ በጥንቃቄ ይይ፦ ጉድጓዱን መሙላት የጀመረው ጄሰን ቴሪ ነው፤ ማሪዮን አለበት፣ ኪድም አለበት። ዲርክ የዳላስን የመጨረሻ ዘጠኝ ነጥቦች ያስቆጠረው እነሱ ካደረሱለት በኋላ ነው። የመጨረሻዋን፣ 3.6 ሰከንድ ሲቀር፣ በግራ እጁ አስገባት፤ የዚያ እጁ የመሐል ጣት ጅማት በመጀመሪያው ጨዋታ ተበጥሶ ነበር። 95 ለ 93። ኮከቡ መጨረሻውን የራሱ የሚያደርገው መሐሉን ለሰው ሲተው መሆኑን ልጁ በዓይኑ ይይ፤ አንተ ዝም በል።

ኮከቡ በሌለበት ሰዓት ምን እንደምታደርግ ሳታውቅ ጨዋታ አትግባ። በዚያው ዓመት ዲርክ ጉልበቱን ታሞ ዘጠኝ ጨዋታ ሲያመልጠው ዳላስ ያሸነፈው ሁለቱን ብቻ ነው። እንግዲህ የኤንቢኤ ሻምፒዮን እንዲህ ከሆነ የእኔና የአንተ ቡድን ምን እንደሚሆን ገምት። እኔ በእያንዳንዱ ግማሽ አራት ደቂቃ አሳርፈዋለሁ፤ እነዚያ አራት ደቂቃዎች የራሳቸው ጨዋታ አላቸው፣ በልምምድም ለብቻቸው ይሠራሉ። ተጠባባቂ ሆኖ የሚነሳ ጥሩ አስቆጣሪ የግድ ያስፈልግሃል። ቴሪ ያ ነው። በ2009 የሊጉ ምርጥ ተጠባባቂ ተብሎ ተሸልሟል፤ በስድስተኛው ጨዋታ ዲርክ በመጀመሪያው ግማሽ ከ12 ሙከራ አንዷን ብቻ ሲያገባ ቡድኑን ያቆመው እሱ ነው፣ 27 ነጥብ ይዞ ወጣ። አንዲት እናት «ልጄ ምን ቢያጠፋ ነው ሁልጊዜ ወንበር ላይ የምታስቀምጠው?» ብላኝ ይህን ሁሉ ተረኩላት። ሰምታ ስታበቃ «እሺ፣ ለእኔ ገብቶኛል፤ ለአባቱ ግን አንተው ንገረው» አለችኝ። አባቱ እስካሁን ሰላምታ አይሰጠኝም።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። የዳላሱ አሠልጣኝ ሪክ ካርላይል ግን በ2011ዱ ፍጻሜ 2 ለ 1 እየተመራ አራተኛው ጨዋታ ላይ አንድ ጉልቻ ቀየረ። ስቲቨንሰንን አስቀምጦ ባሬያን፣ ከሜዳው ሁሉ አጭሩን ሰው፣ ከመጀመሪያው አስገባ። ሁሉም ሰው አበደ ያለው ይመስለኛል፤ እኔም ብያለሁ። ባሬያ እየሰነጠቀ ሲገባ ተከላካዮቹ ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ ዲርክ ትንፋሽ ያገኛል። ዲርክ የዚያን ቀን ትኩሳት ይዞት ነበር፤ ዳላስ 86 ለ 83 አሸነፈ፣ ከዚያ በኋላም አልተሸነፈም። ልብ በል፣ የተቀየረው በኮከቡ ዙሪያ ያለው እንጂ የኮከቡ ቦታ አይደለም።

ዋንጫ ካነሳህ ደግሞ ቡድኑን አትበትነው። ቻንድለር በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ኒውዮርክ ሄደ፣ ባሬያም ሄደ። ዲርክ ሳይሄድ ቀረ፤ ዳላስ ግን ከዚያ በኋላ እስከ 2022 ድረስ አንድም የጥሎ ማለፍ ዙር አላለፈም። በ2023-24 የውድድር ዓመት በሉካ ዶንቺች ዙሪያ እንደገና ሲሠሩ ያመጧቸው ሰዎች ጋፎርድና ላይቭሊ ነበሩ፤ በር ዘጊዎች፣ ያው የቻንድለር ዘር። ፍጻሜ ደረሱ፣ በቦስተን ተሸነፉ። በ2025 መጀመሪያ ሉካን ራሱን ለሎስ አንጀለስ ሌከርስ ሰጡት። ስለዚህኛው አልጽፍም፤ እዚህ ከተማ ጸጉር ቤት ገብተህ ብታነሳው ወረፋህ ይቃጠላል።

ቅዳሜ 9 ሰዓት ጂሙ ይከፈታል፤ በአሜሪካ ሰዓት ነው፣ ባለፈው እንደሆነው ከሰዓት እንዳትመጣ። ረጅሙን ልጅ ይዘህ ና። ግን መጀመሪያ ላየው የምፈልገው ተራ ካልካቸው መካከል ኳስ ሳይሰጡት ሲቀሩ የማያኮርፈውን ነው። ማን እንደሆነ አትንገረኝ፤ ራሴ እለየዋለሁ።