ሠራተኛ ሲያረፍድ ከቁጣ በፊት መጠየቅ

ሠራተኛ እየደጋገመ የሚያረፍድበት ኃላፊ ጉዳዩን በባልደረቦቹ ፊት ከማንሣት ይልቅ ሰውየውን ለብቻው ጠርቶ «ምን ገጥሞህ ነው?» ብሎ ቢጀምር ይሻላል፤ የታክሲ ሰልፍ ወይም የታመመ ልጅ ሊኖር ይችላልና። ምክንያቱ በቂ ካልሆነ ግን በየጠዋቱ መቆጣት (ብዙዎቻችን የለመድነው ይኸንኑ ነው) ፋይዳ ስለሌለው፣ ቀንና ሰዓት የተመለከተበት አጭር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይገባል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በማርፈድ ሳቢያ የሥራ ውልን ወዲያውኑ ማቋረጥ የሚፈቅደው፣ ሠራተኛው በጽሑፍ እየተነገረው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ሲያረፍድ ነው። ስለዚህ ወረቀት ያልያዘ አለቃ ቁጣው ብቻውን አያስረዳለትም። ይኸው አዋጅ የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር መጠበቅን የአሠሪው ግዴታ ስላደረገው፣ በሰው ፊት መስደብ አለቃውን ራሱን ሊያስጠይቅ ይችላል።

ሠራተኛውም እንደሚዘገይ ባወቀ ጊዜ፣ የመግቢያው ሰዓት ሳያልፍ ለቅርብ ኃላፊው አጭር መልእክት ይላክ፤ ከላከም በኋላ ከስልኩ አያጥፋው።