ጨዋማውን ውሃ በቀጭኑ አፍስሱ፦ የነዳጅ ጉድጓድ ማጠናቀቂያ ኢመልሽን አሠራር

ተቆፍሮ ያለቀ የነዳጅ ጉድጓድ ምርት እስኪጀምር ድረስ የሚሞላው ፈሳሽ ሁለት ኃላፊነት አለበት፤ ከታች የሚመጣውን ግፊት መግታት፣ ነዳጅ ያዘለውን ዓለት ደግሞ አለማበላሸት። ዓለቱ ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ሸክላ ካለው፣ እኔ የምመርጠው ውሃው በዘይት ውስጥ እንደ ጤዛ የተበተነበትን ኢመልሽን ነው። ዓለቱን የሚነካው ዘይቱ ነዋ።

በሒሳቡ ጀምሩ። ሊትሩ 0.80 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዘይት 70 እጅ፣ ሊትሩ 1.20 የሚመዝን የካልሲየም ክሎራይድ ውሃ 30 እጅ ቢደባለቁ፣ ሊትሩ 0.92 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ከንጹሕ ውሃ ይቀላል። ግፊቱ ለደከመ ጉድጓድ ይስማማል። ክብደት ሲያስፈልገኝ ጨዉን በካልሲየም ብሮማይድ እተካለሁ እንጂ ዱቄት ለመጨመር አልቸኩልም፤ ዱቄት የዓለቱን ቀዳዳ ይደፍናል።

ዘይቱን ገንዳ ውስጥ ጨምራችሁ ማደባለቂያውን አስነሡ። ዘይቱንና ውሃውን አስማምቶ የሚይዘው አዋሃጅ ኬሚካል ይግባ፣ ኖራው ይከተል። በስብ አሲድ የተሠራ አዋሃጅ ከኖራው ካልሲየም ጋር ተዋህዶ ጠብታዎቹን የሚያለብስ ሳሙና ይሆናል፤ ኖራውን የዘነጋ ቀኑን ሙሉ ቢያማስል ትርፉ ድካም ነው።

ከዚያ ጨዋማው ውሃ፣ በቀጭኑ። በጀማሪነቴ አንድ ሌሊት ሰዓት ለማትረፍ ብዬ ቧንቧውን ሙሉ በሙሉ ከፈትሁት። የሚያብረቀርቀው ፈሳሽ ደብዝዞ እንደተበላሸ ወተት ተቋጠረ። ውሃውን ዘግቼ፣ አዋሃጅ ጨምሬ፣ እስኪነጋ ሳማስለው አደርኩ።

አሁን መጀመሪያ የማምነው አንድ ብርጭቆ ውሃን ነው። ከፈሳሹ ጠብ አድርጉበት፤ ጠብታው ክብ ሆኖ ከቀረ ዘይቱ ከውጭ ነው፣ ውሃውን ካደፈረሰው ተገልብጦ ውሃው ከውጭ ሆኗል። ቀጥሎ ናሙናውን 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አሙቃችሁ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ የሚጀምርበትን ቮልት ለኩ። አንድ ንባብ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ከቀን ወደ ቀን መውረዱ ነው የሚያሳስበኝ። በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ለ30 ደቂቃ ስታጣሩትም የወረደውን ጠብታ በብርሃን ፊት ተመልከቱ፤ ከዘይቱ ሥር ውሃ ከታየ አዋሃጁ አንሷል፣ ወደ ጉድጓዱ አትላኩት።

ብዙዎች የሚዘሉት ግን ይህን ነው፦ ፈሳሹን ከራሱ ከጉድጓዱ ድፍድፍ ነዳጅ ጋር እኩል ቀላቅላችሁ በዓለቱ ሙቀት ልክ አቆዩት። ሲያዩት ቀጭን የነበረው ፈሳሽ እንደ ቅባት ከወፈረ፣ ታች ገብቶም እንዲሁ ወፍሮ የነዳጁን መውጫ ይዘጋል። እንዲህ ሲሆን አዋሃጁን ቀይሬ ሙከራውን ከብርጭቆው እንደገና እጀምራለሁ።