ምጸትን ከጆሮ ጀምሩ
ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ምጸት (ከቃሉ ተቃራኒውን ማለት) የምታስተምሩ መምህራን፣ ብያኔውን ሰሌዳ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር በሁለት ዓይነት ድምፅ አሰሟቸው፦ «እንዴት ያለ ቆንጆ ቀን ነው!» አንዴ ከልብ እንደተደሰተ ሰው፣ አንዴ ዝናብ አበስብሶት እንደገባ ሰው። ቃሉ ሳይለወጥ መልእክቱ እንደተገለበጠ ወዲያው ይገባቸዋል።

ከባዱ ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ ጽሑፍ ላይ ድምፅ የለም። ስለዚህ ያንኑ ንግግር በታሪክ ውስጥ አስገቡትና ምጸት መሆኑን ያሳበቀውን ቃል ያስምሩበት፦ «ጫማው ውኃ እየተፋ ገባና ‹እንዴት ያለ ቆንጆ ቀን ነው!› አለ።» «ውኃ እየተፋ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ሰውኛ ዘይቤንም (ሰው ላልሆነ ነገር የሰው ድርጊት መስጠትን) እዚያው አንሱ፤ ጫማ አይተፋማ!

ስላቅ (እየቀለደ ጥፋትን የሚነቅፍ ጽሑፍ) ላይ ስትደርሱ ደግሞ ሁልጊዜ ይህን ጠይቁ፦ ጸሐፊው ምን እንዲታረም ፈልጎ ነው? መልስ ከጠፋ፣ ጽሑፉ ተራ ቀልድ ሊሆን ይችላል።

አደራ፣ ለምሳሌ ብላችሁ የክፍሉን ልጅ ስህተት አታንሱ። በዚያ ዕድሜ በጓደኞች ፊት መሳቂያ መሆን በጣም ያማል። የፈጠራ ገጸ ባሕርይ ይበቃችኋል።