ከጃትሮፋና ከጉሎ ዘይት ባዮዲዝል መሥራት፦ በጎንደር ከፍታ

ባዮዲዝል የአትክልት ዘይት በኮስቲክ ሶዳ አጋዥነት ከሜታኖል (ከእንጨት አልኮል) ጋር ተዋህዶ የሚወጣ፣ ናፍጣን የሚተካ ነዳጅ ነው። መመሪያዎቹ አብዛኞቹ «60 ዲግሪ ላይ ያሙቁ» ይላሉ። ይህ ለቆላና ለባሕር ዳርቻ ነው። ሜታኖል በባሕር ጠለል ላይ በ64.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ጎንደር ግን ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች 58 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል። መመሪያውን አምኖ 60 ላይ የሚያሞቅ ሰው ሜታኖሉ ተንኖ ያልቅበታል፣ ዘይቱ ሳይለወጥ ይቀራል፣ ቤቱም ተቀጣጣይ ትነት ይሞላል። እዚህ ከ50 እስከ 53 ዲግሪ ይበቃል፤ አንድ ሰዓት የተባለውን አንድ ሰዓት ተኩል ያድርጉት።

ጉሎ በየአጥሩ ጥግ ስለሚበቅል ያጓጓል። ነገር ግን ከጉሎ ብቻ የሚወጣው ነዳጅ ውፍረቱ የአውሮፓ መመዘኛ ከሚፈቅደው ሦስት እጥፍ ገደማ ስለሆነ ኢንጀክተሩን (ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ክፍል) ያስቸግራል። ዋናው ዘይት ጃትሮፋ ከተባለው የቆላ ቁጥቋጦ ፍሬ ይሁን፤ ጉሎ በጥቂቱ ቢደባለቅ አይከፋም።

ዘይቱን በጨርቅ አጥልለው አረፋው እስኪያቆም ድረስ 105 ዲግሪ ላይ ያሙቁት። ውኃ ውስጡ የቀረ ዘይት ነዳጅ ሳይሆን ሳሙና ይሆናል።

ቀጥሎ የአሲድ ልኬት ነው፤ ይህን መዝለል አይቻልም። 1 ግራም ኮስቲክ ሶዳ በ1 ሊትር የተጣራ ውኃ ያሟሙ። 1 ሚሊ ሊትር ዘይት በ10 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል ቀላቅለው ሁለት ጠብታ ፌኖልፍታሊን (ሶዳው አሲዱን ሲያልፍ ሮዝ የሚሆን መጠቆሚያ) ይጨምሩ። የሶዳውን ውኃ በሲሪንጅ ጠብ እያደረጉ ሮዝ ቀለሙ ለ15 ሰከንድ ሲቆይ ያቁሙ። የፈሰሰው ሚሊ ሊትር ላይ 3.5 ሲደመር ለአንድ ሊትር ዘይት የሚያስፈልገው የሶዳ ግራም ይገኛል፤ 1.5 ከፈሰሰ 5 ግራም ማለት ነው።

ከ3 ሚሊ ሊትር በላይ ከፈሰሰ (የቆየ የጃትሮፋ ፍሬ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው) ሶዳ አይጨምሩ። መጀመሪያ በሰልፈሪክ አሲድ ይታከም። ነጻ አሲዱ (ከዘይቱ ተለይቶ የወጣው የስብ አሲድ) 15 በመቶ ለደረሰ አንድ ሊትር ዘይት 700 ሚሊ ሊትር ሜታኖልና 5 ሚሊ ሊትር አሲድ ይበቃል። አሲዱን ወደ ሜታኖሉ በቀስታ ያፍስሱ። 50 ዲግሪ ላይ ካማሰሉት በኋላ ሁለት ሰዓት ያስቀምጡትና ከላይ የሚንሳፈፈውን ውኃና ሜታኖል ይቅዱ። እንደገና ይለኩ።

ለዋናው ሥራ፣ ለአንድ ሊትር ዘይት የተለካውን ሶዳ በ250 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ያሟሙና ወደ 50 ዲግሪ ከበረደው ዘይት ጋር ቀላቅለው ከላይ በተባለው ሙቀት አንድ ሰዓት ተኩል ያማስሉ። የአሉሚኒየም ድስት አይሆንም፤ ሶዳ ይበላዋል፣ ሃይድሮጂንም ይወጣል። ብረት ወይም ብርጭቆ ይጠቀሙ፤ በሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጠው ያሙቁ እንጂ ከሰል አጠገብ አያድርሱት። ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም፤ መልኩ አረቄ ስለሚመስል በአረቄ ጠርሙስ ፈጽሞ አይቀመጥ። አረቄም በምትኩ አይሠራም፤ ውኃ አለበት።

ሲያድር ጥቁሩ ግሊሰሪን ከታች ይዘቅጣል። ሁሉም እንደ እርጎ ከረጋ ሶዳው በዝቷል ወይም ውኃ ገብቷል። ግሊሰሪኑን ካወጡ በኋላ የነዳጁን ሲሶ በሚያህል ለብ ያለ ውኃ ሦስት ጊዜ ይጠቡት፤ የመጀመሪያውን ሳይንጡ። ከተናጠ ወተት ይመስልና ለመለየት ቀን ይፈጃል።

ፍተሻው፦ 3 ሚሊ ሊትር ነዳጅ በ27 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ይቀላቅሉ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከታች ዘይት ካልታየ ተለውጧል። ጉሎ የበዛበት ላይ ግን ይህ ፍተሻ ያታልላል፤ የጉሎ ዘይት ራሱ በአልኮል ይሟሟልና።

በሶዳ ፈንታ የእንቁላል ቅርፊት መጠቀም ይቻላል፤ 900 ዲግሪ የሚደርስ ምድጃ ግን ይፈልጋል፣ የከሰል ምድጃ አይበቃውም። 100 ግራም ቅርፊት በትክክል ሲቃጠል ወደ 55 ግራም ይወርዳል፤ ካልወረደ ገና ነው። ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ወዲያው ይታሸግ። አሲዱ ለበዛ ዘይት አይጠቅምም።

የጃትሮፋና የጉሎ ፋጉሎ መርዛም ነው፤ ለከብት አይሰጥም። የእጥበቱም ውኃ ወደ አንገረብ በሚወርድ ቦይ አይፈስስም፤ ከተማው የሚጠጣው ከዚያ ነው።

ነዳጁን 20 በመቶ አድርገው ከናፍጣ ጋር ይጀምሩ። አሮጌ ታንክ ውስጥ የተጋገረውን ቆሻሻ ስለሚያላቅቅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የናፍጣ ማጣሪያው ሊደፈን ይችላል፤ መለዋወጫ በእጅ ይኑር። የተፈጥሮ ጎማ ቱቦም ስለሚያሳብጥ አስቀድሞ ይቀየር።